የ1966 ኤምጂቢ፣ መንታ ኤስዩ ካርቡረተር፦ ሲሞቅ ሚኒሞ አይይዝም፣ 3ኛና 4ኛ ካንዴላ ይጠቁራል

ጥቁር_ካንዴላ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ1966 ኤምጂቢ ናት፤ ሞተሯ 1798 ሲሲ፣ ካርቡረተሯ ሁለት ኤስዩ ኤችኤስ4፣ ዲስትሪቢዩተሯ ሉካስ 25ዲ4። ኤሌክትሪኳ አልተነካም፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ከቦዲ የታሰረው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን በቾክ ቶሎ ይነሳል። ሲሞቅ ግን ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞረው ዙር) በደቂቃ ከ500 እስከ 1100 ዙር ይዋልላል፣ ከማርሚታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል፣ ነዳጅ በድንገት ሲሰጠው ደግሞ መጀመሪያ ታነቅ ብሎ ነው የሚፈጥነው። 1ኛና 2ኛ ካንዴላ ቡናማ ናቸው፤ 3ኛና 4ኛ ጥላሸት ለብሰዋል። የሚክስቸር ማስተካከያ ዳዶዎቹን ሳዞር የፊተኛው ካርቡረተር ላይ ለውጥ አለ፣ የኋለኛው ላይ ምንም የለም።

ካርቡረተሮቹን አውርጄ ልፍታቸው ወይስ ከሌላ ቦታ ልጀምር? ካርቡረተሩ አናት ላይ ያለው የዘይት ጽዋ፣ ዳሽፖቱ፣ ውስጥ የሚገባው ዘይት የትኛው ነው፣ እስከምንስ ድረስ? ፖይንቱን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ የሚዘጋውን መገናኛ) ትቼ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ብገጥምለትስ ይሻለዋል?

ዳዶና_ብሎን

ገና አታውርዳቸው። የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል። የዚህ ሞተር ቴስታታ ያለው የአየር መግቢያ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን 1ኛና 2ኛ ሲሊንደር ይጋሩታል፣ ሌላውን 3ኛና 4ኛ። ስለዚህ ጥላሸቱ ጥንዶቹን ከለየ ጥፋቱ ያለው ኋለኛው ካርቡረተር ዘንድ ነው። ፖይንት ወይም ኮንዴንሰር ቢሆን ኖሮ አራቱንም ሲሊንደር ነበር የሚያውከው።

የእኔ ጥርጣሬ የኋለኛው ጄት (ቤንዚኑ የሚወጣበት ቀዳዳ) ወደ ቦታው አለመመለሱ ላይ ነው። ኤችኤስ4 ለቀዝቃዛ ማስነሻ ብሎ የተለየ ነዳጅ መርጫ የለውም። ቾክ ስትስብ ጄቱ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከካርቡረተሩ ፒስተን ተንጠልጥሎ ጄቱ ውስጥ በሚገባው መርፌና በጄቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። የቾኩ ገመድ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ ማያያዣው ከዛገ፣ ወይም ከጎድጓዳው (ካርቡረተሩ ጎን ካለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ) ቤንዚን የሚያመጣው ናይለን ቱቦ ከደረቀ፣ ቾኩን መልሰኸውም ጄቱ ታች ይቀራል። ያን ጊዜ ጄቱ ዳዶው ላይ ስለማያርፍ ዳዶውን ብታዞረው ለውጥ አታይም። አንተ የገለጽከው ይህንኑ ነው።

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የኋለኛውን ጄት ታችኛ ጫፍ በጣትህ ወደ ላይ ግፋው። ድምፁ ከተለወጠ ሌባውን ያዝከው ማለት ነው። እጅህን ግን ጠብቅ፤ በዚህ መኪና የጭስ ማኒፎልዱ ከካርቡረተሮቹ ስር ነው። በመካከላቸው ባለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ላይ የድሮው ንጣፍ ካለ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አትፋቀው። የቾኩ ገመድ ማንሻውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት 1.5 ሚሜ ያህል ነጻ እንቅስቃሴ ይኑረው፤ ቾኩ ገብቶ ሳለ የፈጣን ሚኒሞው ብሎን ካሙን መንካት የለበትም።

ይህ ከተስተካከለ በኋላም ወደ ዳዶዎቹ አትሩጥ። ኤስዩ በመጨረሻ ነው የሚነካው። ብዙ ሰው የቫልቭንና የኢግኒሽንን ጉድለት በካርቡረተር ሊያካክስ እየሞከረ ሁሉንም ያበላሻል።

ቫልቭ፦ ክፍተቱ ሞተሩ በቀዘቀዘበት 0.38 ሚሜ (0.015 ኢንች)። የትኛውን መቼ እንደምትለካ በዘጠኝ ድምር ያዘው፤ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1ኛውን፣ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን፣ 4ኛው ሲከፈት 5ኛውን፣ 7ኛው ሲከፈት 2ኛውን፤ ከዚያ ግልባጩን። ካንዴላዎቹን አስቀድመህ ብትፈታ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል።

ኢግኒሽን፦ የፖይንት ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሜ፣ ድዌል (ፖይንቱ ተዘግቶ የሚቆይበት ማዕዘን) 60 ዲግሪ (3 ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ችግር የለም)። የካንዴላ ክፍተት 0.025 ኢንች፣ ማለትም 0.64 ሚሜ ገደማ። የማቀጣጠያ ተራው 1-3-4-2 ነው፣ ሮተሩ የሚዞረው ከሰዓት በተቃራኒ። ታይሚንጉ (እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ) ሞተሩ ቆሞ የሞተሩ ፒስተን ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀደም፤ በታይሚንግ መብራት ከሆነ የቫኪዩም ቱቦውን ነቅለህ በ600 ዙር 14 ዲግሪ።

የሚሾልክ አየር፦ የካርቡረተሮቹ የስሮትል ዘንጎች ጫፍ ላይ በቡርሽ ጥቂት የሞተር ዘይት ቀባ። ሚኒሞው ለጊዜው ከተለወጠ ዘንጉ ተበልቷል፣ እየተነፈሰ ነው። የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮንም አትርሳ። ማኒፎልዱ ላይ የተቀመጠውን ክብ የስሚዝስ ቫልቭ (የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ) ደግሞ እንዲህ ፈትነው፦ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን አንሳ። ዙሩ 200 ያህል ከጨመረ ቫልቩ ደህና ነው። ምንም ካልተለወጠ ውስጡ ያለው ዲያፍራም ተቀዷል ወይም ተደፍኗል።

ከዚህ ወዲያ ማመጣጠን ነው። በሁለቱ ካርቡረተሮች መካከል ያሉትን የስሮትልና የቾክ ማያያዣዎች አላላ። የሚኒሞ ብሎኖቹን ስሮትሉ እስኪዘጋ መልሰህ ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ዙር ያህል አስገባ። ሁለቱንም ዳዶ ጄቱ እስኪቆም ወደ ላይ ጠምዝዝና 12 ጠፍጣፋ ጎን፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ዙር፣ ወደ ታች አምጣው። መነሻው እሱ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን በየተራ በካርቡረተሮቹ አፍ ላይ በተመሳሳይ ቦታ ይዘህ የፉጨቱን ድምፅ በብሎኖቹ እኩል አድርግ። ከዚያ ከጎን ባለው ማንሻ ፒን ፒስተኑን 0.8 ሚሜ ያህል ብቻ አንሳው። ዙሩ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፣ ዳዶውን አንድ ጎን ወደ ላይ። ወርዶ ሊጠፋ ካለ አንሷል፣ አንድ ጎን ወደ ታች። ለቅጽበት ጨመር ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። አንዱን ስትነካ ሌላው ስለሚለወጥ እየተመላለስክ ፈትን። ማያያዣዎቹን መልሰህ ስታጠብቅ የሁለቱም ስሮትል ዘንግ ላይ የሚተወው የ0.3 ሚሜ ክፍተት እኩል ይሁን፤ አለዚያ ነዳጅ ስትሰጥ አንዱ ቀድሞ ይከፈታል።

ስለ ቁልፍ አንድ ነገር፦ ብሎኖቹ በኢንች ናቸው። 13 ሚሊው ቁልፍ በግማሽ ኢንቹ ላይ የሚገባ ይመስላል፣ ግን 0.3 ሚሜ ይሰፋል፣ የናሱን ዳዶ ጠርዝ ይልጠዋል።

ቦቢና_12

ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽኑን አሁን አትግጠም። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከተለወጠ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አይቻልም።

በኋላ ከፈለግህም ለፖዘቲቭ ቦዲ የተሠራውን ነው የምትገዛው። ለኔጌቲቭ የተሠራው ሞጁል ቁልፉን እንደከፈትህ ይቃጠላል። ኤሌክትሪኩን ወደ ኔጌቲቭ ልለውጥ ካልክ ደግሞ ከመቀመጫው ኋላ ያሉትን ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ማገላበጥ ብቻ አይበቃም፤ የቦቢናው ሽቦዎች ይለዋወጣሉ፣ ዳይናሞው በኤፍ ተርሚናሉ በኩል ከባትሪው የኤሌክትሪክ ንክኪ ተሰጥቶት ዋልታው ይታደሳል፣ የዙር መቁጠሪያው ውስጡ ተከፍቶ ይለወጣል። የቤንዚን ፓምፑም አይቶ ነው፤ የጥንቱ ባለ ፖይንቱ ግድ የለውም፣ ውስጡ ዳዮድ ያለበት ግን አቅጣጫ ይመርጣል።

እስከዚያው ደህና ፖይንት ለዚህ ሞተር አያንሰውም። የምፈራው አዳዲሶቹን ኮንዴንሰሮችና ሮተሮች ነው። በናስ ሪቬት የተያዘውን ሮተር ትተህ ሪቬት የሌለውን ፈልግ፤ እሳቱ በሪቬቱ በኩል ወደ ዘንጉ እየዘለለ ሞተሩ ሲሞቅ ያስነጥሰዋል።

ስስ_ዘይት

ስለ ዳሽፖቱ ልመልስልዎት። 20 ቁጥር የሞተር ዘይት ነው የሚገባው። 20ደብሊው-50 ቢያደርጉም ይሠራል፤ የካምቢዮ ዘይት የሚያስገቡ ሰዎች ግን ተሳስተዋል። የዘይቱ ሥራ ማለስለስ አይደለም። ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ፒስተኑ ቶሎ ዘሎ እንዳይነሳ ይይዘዋል፣ በዚያች ቅጽበት ቤንዚኑ በርከት ይላል። ዘይቱ ካለቀ የሚገጥመው እርስዎ የጻፉት መታነቅ ነው። ከወፈረ ደግሞ ፒስተኑ እየዘገየ በእያንዳንዱ መፍጠን ካንዴላውን ያጠቁራል።

ልኩን በዓይን ከመገመት በእጅ መያዝ ይሻላል። የዳሽፖቱን ክዳን ከነዳምፐሩ (ዘይቱ ውስጥ ከሚገባው ዘንግ ጋር) ቀስ ብለው ሲያስገቡ፣ ክዳኑ ለመግጠም 6 ሚሜ ያህል ሲቀረው መቋቋም ከተሰማዎት በቂ ነው። ትርፉ በዘንጉ ላይ ፈሶ ሞተሩ ይጠጣዋል እንጂ ጥቅም የለውም።

ጄቱ ሳይሆን ከቀረ ጎድጓዳውን ይክፈቱ። ተንሳፋፊውን ጆሮ ላይ ይዘው ሲነቀንቁት ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ሰምጧል፣ ይጣላል። የጎድጓዳውን ክዳን ገልብጠው በተንሳፋፊው ማንሻና በክዳኑ ጠርዝ መካከል ከ3.2 እስከ 4.8 ሚሜ የሚሆን ክብ ዘንግ መግባት አለበት። ፓምፑ በሌላ ከተተካ ግፊቱን ይለኩት፤ ከ3 ፒኤስአይ ካለፈ ወደ ጎድጓዳው የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋውን መርፌ ቫልቭ እየገፋ ያጥለቀልቃል።

ለጽዳት ሲፈቱ የፊቱንና የኋላውን ካርቡረተር ፒስተን አያቀላቅሉ። እያንዳንዱ ከሚንቀሳቀስበት ትልቁ የካርቡረተር ክዳን ጋር ተለክቶ የተሠራ ነው። በቤንዚንና በጨርቅ ብቻ ያጽዱት፤ የአሸዋ ወረቀት አይንካው፣ ዘይትም ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ ካልሆነ በቀር አያስፈልገውም።

ጥቁር_ካንዴላ

አመሰግናለሁ። ጄቱን በጣት ስገፋው ዙሩ ወዲያው ተረጋጋ። ማያያዣው ዝጎ ነበር፣ ናይለን ቱቦውም ደርቋል፤ ጄቱን ከነቱቦው ለመለወጥ ፈትቼዋለሁ። አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ጄቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ሳለ ፒስተኑን አንስቼ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ የመውደቅ ድምፅ የለውም። ጄቱን ወደ ታች ሳደርገው ግን ጠቅ ብሎ ያርፋል።

ዳዶና_ብሎን

መርፌው ጄቱን እየነካ ነው። የአንተ ዘመን ኤችኤስ4 መርፌው ቋሚ ስለሆነ ጄቱ መሃል መያዝ አለበት። በስፕሪንግ የሚደገፈው መርፌ ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ የመጣ ነው፣ እሱ ይህን አይፈልግም።

መጀመሪያ መርፌው በፒስተኑ ውስጥ በትክክል መቀመጡን እይ፤ ትከሻው ከፒስተኑ ታችኛ ፊት ጋር እኩል ይሁን፣ ቀጥ ያለ መሆኑንም መስታወት ላይ አንከባለህ አረጋግጥ። ከዚያ ከማስተካከያ ዳዶው በላይ ያለውን ስፕሪንግ አውጥተህ ዳዶውን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አጥብቅ፣ ጄቱንም እዚያ ድረስ መልስ። ከበላዩ ያለውን ትልቁን የጄት ማቀፊያ ዳዶ ማቀፊያው በጣት እስኪዞር ድረስ ብቻ አላላ። ዳምፐሩን አውጥተህ በቀዳዳው በኩል በእርሳስ ፒስተኑን ወደ ታች ተጫን፤ መርፌው ጄቱን ወደ መሃል ያመጣዋል። እንደተጫንከው ትልቁን ዳዶ አጥብቅ።

ፒስተኑን አንስተህ ልቀቀው፤ ጄቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ሳለና ሙሉ በሙሉ ታች ሳለ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ዓይነት ካልሆኑ፣ የታቹ ከጠነከረ፣ ድገመው። አንዳንዴ ማቀፊያውን ትንሽ አዙሮ መሞከር ያስፈልጋል፤ ትዕግስት የሚጠይቀው ይህ ብቻ ነው። አሮጌው ጄት አፉ ሞላላ ሆኖ ከተበላ መሃል አይያዝም። አዲስ ጄት እየገጠምክ ስለሆነ መርፌውንም አብረህ ለውጥ፣ ቁጥሩን ከአሮጌው አይተህ።

በመጨረሻ ስፕሪንጉን መልሰህ ዳዶውን 12 ጎን አውርደው። ናይለን ቱቦውን ወደ ጎድጓዳው ስትመልስ ከጎማ ቀለበቱ ባሻገር 5 ሚሜ ያህል ይውጣ፤ ካጠረ ይሾልካል፣ ከጭስ ማኒፎልዱ በላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ደግሞ እሳት ነው። የቱቦውን ዳዶ ቀለበቱ እስኪጨመቅ ብቻ አጥብቀው። ከዚያ በላይ ብታጠብቀው ይበልጥ ያፈሳል።