የጓሮዬን አፈር ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። አትክልቱንም እንቁላሉንም ከራሴ ጓሮ ማግኘት ከልቤ የምመኘው ነገር ነው። ውሃው ብዙም አያሳስበኝም፤ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ አሸንዳና በርሜል አዘጋጅቻለሁ። ያስቸገረኝ አፈሩ ነው። ሸክላማ ስለሆነ ሲዘንብ ውሃ ያቁራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጣት እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የዘራሁት ካሮት አጭርና የተጣመመ ሆኖ ወጣ። አሸዋ ጨምርበት ያሉኝ አሉ፤ ግን ሸክላ ላይ ትንሽ አሸዋ ሲገባ ጭራሽ ስለሚጠጥር ፈራሁ። ኮምፖስቱን ላይ ላዩን ላልብሰው፣ ቆፍሬ ላደባልቀው ወይስ ከፍ ያለ መደብ ልሥራ? ዶሮዎቹንስ አሁኑኑ ላምጣ? ኩሳቸው ለኮምፖስቱ ይሆነኛል ብዬ ነው የቸኮልኩት። እንዲህ ያለ አፈር ያለማችሁ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደዘራችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።