ጥቆማ፦ ለምርምር የጋራ ክላስተር ከማን እንግዛ?

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስ፣ ግብርናና ጤና ሆነን አንድ ኤችፒሲ ክላስተር (ለከባድ ስሌት አንድ ላይ የተያያዙ ሰርቨሮች) በጋራ ልንገዛ ነው። ኳንተም ኤስፕሬሶ (የቁሶች የአቶም ደረጃ ስሌት)፣ ደብሊውአርኤፍ (የአየር ሁኔታ ሞዴል) እና የጂኖም ዳታ ይሠራበታል። ዴል፣ ኤችፒኢ ወይስ ሱፐርማይክሮ? አስመጪስ ማንን ትጠቁሙናላችሁ? ጨረታው ገና አልወጣም።

አባ ቡና፦ ዴል ግዙ፣ ሌላ አትዩ። መርካቶ ያለ ደንበኛዬ የሸጠልኝ ላፕቶፕ እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረኝም።

ተመራማሪው፦ ላፕቶፕን ምን አመጣው? ሰው የጠየቀውን መልሱ እንጂ!

የተቃጠለ፦ ከብራንዱ ይልቅ አስመጪውን ፍሩ። ቀድሞ የምሠራበት ቦታ ሰርቨሮቹን አራግፈው፣ ርክክብ አስፈርመው ሄዱ። ሳጥኑ ሲከፈት ኖዶቹን (ሰርቨሮቹን) በከፍተኛ ፍጥነት የሚያገናኘው የኢንፊኒባንድ ስዊች አለ፣ ኬብሉ የለም። ስንደውል «ስፔኩ (የዕቃው ዝርዝር) ላይ አልተጻፈም» አሉን። ኖዶቹን በተራ የኔትወርክ ገመድ አያይዘን ስንሞክር፣ በሁለት ኖድ የተከፈለው ስሌት በአንዱ ብቻ ከሚወስደው በላይ ፈጀ። ያ ሁሉ ገንዘብ!

አጂፕ ሰፈር፦ ማነው አስመጪው? ስሙን አውጡት።

የተቃጠለ፦ እዚህ አልጠራም። በውስጥ መስመር።

ሚኒሊብ፦ እኛንም እንዲሁ ነው ያደረጉን። የሦስት ዓመት ዋስትና ተብሎ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ።

አባ ቡና፦ ከደንበኛዬ ብትገዙ ይህ አይደርስባችሁም ነበር።

ሲስአድሚን፦ ጠያቂው፣ ግልገል ጊቤ ቅርባችን ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ መጀመሪያ መብራቱን አስቡ። ባለሁለት ፕሮሰሰር ኖድ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን 1 ኪሎዋት ገደማ ሊስብ ይችላል። አሥር ኖድ ማለት 10 ኪሎዋት ሙቀት ነው። ባለ12,000 ቢቲዩ ኤሲ የሚያወጣው 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሆነ ሦስት ያስፈልጋችኋል፣ አራተኛው መጠባበቂያ። ጄኔሬተሩ ኤሲውንም ጭምር ይሸከም፤ ሰርቨሩ በዩፒኤስ እየሠራ ኤሲው ከጠፋ ክፍሉ ወዲያው ይግላል። ለክረምቱ መብረቅም መከላከያና ጥሩ ኧርዝ አሠሩ።

ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርድ) ላይ ደግሞ በርካሽ የጌም ካርድ እንዳትታለሉ። አርቲኤክስ 4090 በደብል ፕሪሲዥን (ባለ64 ቢት ስሌት) ፍጥነቱ ወደ 1/64 ይወርዳል፣ ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚፈልገው ግን ይህንኑ ስሌት ነው። ሶፍትዌሩ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ሮኪ ሊኑክስ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ) እና ስለርም (ሥራዎችን በወረፋ የሚያከፋፍለው)። ሴንትኦኤስ 7 ልጫን የሚላችሁን አትቀበሉ፣ ድጋፉ ሰኔ 2016 አብቅቷል። ሦስታችሁ እንዳትጣሉ ደግሞ ስለርም ላይ ፌርሼር አለ፤ ሁሉም ባዋጣው ልክ ድርሻ ይሰጠዋል፣ ብዙ የተጠቀመ ወረፋው ወደኋላ ይላል።

አጂፕ ሰፈር፦ ለኤስፒኤስኤስ ስንት ራም ይበቃል?

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ሲስአድሚን፣ እግዜር ይስጥልን። የኤሲውና የጄኔሬተሩ ወጪ ከምርምር በጀቱ ነው የሚወጣው ወይስ ከግቢው?

የተቃጠለ፦ እሱን ግቢው ይጨነቅበት። እናንተ ኬብሉን በርዝመትና በቁጥር ስፔኩ ላይ ጻፉ። ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊትም ሁሉም ኖድ ላይ ሊንፓክ (የስሌት አቅም መፈተኛ ፕሮግራም) ሙሉ ቀን ይሂድበት፣ ክፍያውም ከዚያ በኋላ ይሁን።

አባ ቡና፦ ደንበኛዬ ሰርቨርም ያመጣል፣ ጠይቄዋለሁ።