የወር አባልነት በረራ፦ ሦስተኛው ረቂቅ፣ ሐሙስ ድምፅ (ከማኅበሩ የስልክ ግሩፕ፤ አባላቱ የሚጽፉት በቅጽል ስማቸው ነው)

ጸሐፊው፦ የውላችን ረቂቅ ለሦስተኛ ጊዜ ተስተካክሏል። ታሪኩን ስለምታውቁት አልደግመውም። አርባ አባላት በየወሩ ቁርጥ ክፍያ እንከፍላለን፣ ዘጠኝ ወንበር ያለው ፒላተስ ፒሲ-12 የሚባል ትንሽ አውሮፕላን ከነአብራሪዎቹ ኮንትራት እንይዛለን፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ ይወስደናል፣ ማታ ሁለት ጊዜ ይመልሰናል። የፈለገ የፈለገውን ያህል ይበራል። አስተያየት ካላችሁ ከሐሙስ በፊት።

ሰኞ ጠዋት፦ «የፈለገውን ያህል» የሚለውን አውጡት። ባለፈው የተጣላነው በሱ አይደል? ሰኞ ከጠዋቱ 12:30 መሄድ የማይፈልግ ማን አለ? ሁለቱም በረራ ተደምሮ 18 ወንበር ነው፣ ሃያ ሁለት ሰው ከፍሎ ይቀራል። ደግሞ አውሮፕላኑ የመጀመሪያዎቹን አድርሶ ለሁለተኛዎቹ ሲመለስ ባዶውን ነው። የባዶው ነዳጅም ከኛው ኪስ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ቅድሚያ ክፍያው ነው። ሰርፍ ኤር የሚባለው የበረራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ካሊፎርኒያ ላይ በወር ክፍያ ያሻችሁን ያህል ብረሩ ብሎ ሲጀምር እዚህ ስንቱ አጨበጨበ። ቢከን የሚባለው ደግሞ ቦስተንና ኒውዮርክ መሃል በ2015 ያንኑ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት አቆመ። ዊልስ አፕ የሚያህለው የግል በረራ ድርጅት እንኳ በ2023 ዴልታ አየር መንገድና ሌሎች 500 ሚሊዮን ዶላር ይዘው ባይደርሱለት አልቆለት ነበር። ስለዚህ ብራችን በምንዋዋለው የበረራ ድርጅት ሂሳብ አይገባም። በዝግ ሂሳብ ይቀመጥና የተበረረው ብቻ በየወሩ ይለቀቅ። ይሄ ካልተጻፈ አልፈርምም።

የመስኮት ወንበር፦ ቆይ፣ አንቀጽ 7 ምንድን ነው? «አባሉ ከነሻንጣው ይመዘናል»? እኛ በግ ነን?

ጸሐፊው፦ የበረራ ድርጅቱ የጠየቀው ነው። የኔ ሐሳብ አይደለም።

ሁለት ሻንጣ፦ ስንት ዓመት በትልልቁ አውሮፕላን ስበር ማንም ሚዛን ላይ ውጣ ብሎኝ አያውቅም። በቃል ብንነግራቸው ምን ችግር አለው?

ሰኞ ጠዋት፦ በቃል? ሰው ኪሎውን ሲጠየቅ እንደ ዕድሜው ነው፣ ይቀንሳል።

የመስኮት ወንበር፦ ነገሩ ቀልድ አይደለም። የሙከራ በረራው ቀን ማን ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ። የጭነት ሚዛን ነው ያመጡት፣ ያ ክብ ፊት ያለው፣ መርፌው ወደ ሰልፉ የዞረ። አንዱ ልጅ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሌላው መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ከኋላዬ የቆመው የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ ላይ ሳህኔን ሳያይ አያልፍም። በዚህ ክፍያ አልዋረድም።

ቴክኒኩ፦ እህቴ፣ አዋራጅነቱን አልክድም፣ ግን ምክንያቱን ስሚኝ። ትልቁ አውሮፕላን በአማካይ ክብደት ይሰላል፤ መቶ ምናምን ሰው ሲሆን ወፍራሙና ቀጭኑ ይካካሳል። በዘጠኝ ሰው ግን አማካይ የሚባል ነገር አይሠራም። ሦስት ከባድ ሰው ከኋላ ተደርድሮ ቢቀመጥ የአውሮፕላኑ ሚዛን ወደ ጭራ ይሄዳል። ነዳጁ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ፒሲ-12 ዘጠኝ ሰው ከነጓዙ አይችልም፣ ወይ ነዳጅ ይቀነሳል ወይ ሰው ይወርዳል። በ2004 ካናዳ፣ ፔሊ ደሴት፣ ዘጠኝ ተሳፋሪ የያዘ ካራቫን የሚባል ትንሽ አውሮፕላን ከልኩ በላይ ተጭኖ፣ ክንፉ ላይም በረዶ ይዞ ተነሳ። አሥር ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው የአደጋ መርማሪዎቹ ዘጠኝና ከዚያ በታች ተሳፋሪ የሚይዙት በትክክለኛ ክብደት ይሰላ ያሉት።

ሁለት ሻንጣ፦ እሱ ካራቫን ነው። የኛ ፒሲ-12።

ቴክኒኩ፦ ሁለቱም ባለ አንድ ሞተር፣ ሁለቱም ትንሽ። ምን ልበልህ?

አዲሱ አባል፦ አንድ ሞተር?? ይሄ ለምን አልተነገረኝም?

ቴክኒኩ፦ ተነግሯል፣ አንቀጽ 2። አውሮፓ እንኳ ከ2017 ጀምሮ ባለ አንድ ሞተር በማታና በደመና ተሳፋሪ እንዲጭን ፈቅዷል። ወደ ሚዛኑ እንመለስ።

ሰኞ ጠዋት፦ እንደ ሳሞአ ኤር በኪሎ እንክፈላ። በ2013 ቲኬቱን በኪሎ ሲሸጡ ነበር። እኔ ይመቸኛል።

ሁለት ሻንጣ፦ አንተ ነፋስ ካልወሰደህ ነው! ክፍያ ለመቀነስ ሰው ላይ የምትሳለቅ። ማኅበሩን ሲጀመር ያቋቋምነው እኛ ነን፣ አንተ ገና የመግቢያህን ግማሽ አልከፈልክም።

ሰኞ ጠዋት፦ ደረሰኜን ልለጥፍ? ወይስ ያንተን ሁለት ሻንጣ ሂሳብ ማን እንደሚሸከም ልጠይቅ?

ጸሐፊው፦ በቃ። ሁለታችሁም።

ገንዘብ ያዥ፦ የዝግ ሂሳቡን ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ከሦስት ድርጅት ፕሮፎርማ አመጣለሁ ያለው ሰውስ የት ገባ? ሦስት ሳምንት ሆነው።

አዲሱ አባል፦ መልእክቱን አይቶታል፣ ሰማያዊ ሆኗል።

ሰኞ ጠዋት፦ ጋሼ ሁለት ሻንጣ፣ ትናንት የጻፍኩት ልክ አልነበረም። ተናድጄ ነው።

ሁለት ሻንጣ፦ ይሁን። እኔም አብዝቻለሁ። አንዱን ሻንጣ እተዋለሁ፣ መመዘኑ ግን አሁንም አልዋጠልኝም።

ቴክኒኩ፦ ኤር ኒውዚላንድ በ2023 ተሳፋሪ ሲመዝን ቁጥሩ ለማንም አይታይም ነበር። ተሳፋሪው ይቆማል፣ ቁጥሩ በቀጥታ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። እኛም ሚዛኑን ወደ ግድግዳ አዙረን ቁጥሩን አብራሪው ብቻ ቢያየውስ?

የመስኮት ወንበር፦ መጋረጃ ካለው እስማማለሁ። ጮክ ብሎ የሚጠራ ልጅም እንዳይኖር ይጻፍ።

አዲሱ አባል፦ መጋረጃው እስኪሰቀል አንድ ሚኒባስ ብንከራይስ? እኔ ለማንኛውም አንድ ሞተሩን ላስብበት።

ጸሐፊው፦ አራተኛው ረቂቅ፦ አንቀጽ 7 ተስተካክሏል፣ መጋረጃ፣ ወደ ግድግዳ የዞረ ሚዛን፣ አባሉ ሚዛኑ ላይ እያለ ሌላው ሁለት ሜትር ይርቃል። «የፈለገውን ያህል» ለጊዜው ይቆይ። በረራው ለሙከራ ሰኞና ዓርብ ብቻ፣ ቀሪው ቀን የሚኒባሱ ሐሳብ ይጠና። ሐሙስ ድምፅ የምንሰጠው በአንቀጽ 7 ላይ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ዝግ ሂሳቡስ?

ጸሐፊው፦ ከአንቀጽ 7 በኋላ።

ሁለት ሻንጣ፦ መጋረጃውን ማን ይገዛል? ከመዋጮው ነው?

ፕሮፎርማ አምጪው፦ ሰላም ነው? ስልኬ ተበላሽቶ ነው። የመጋረጃውን ፕሮፎርማ እኔ አመጣለሁ።