በፓርክ ዕቅድ ረቂቅ ላይ የሚሠራ አስተያየት እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ (አራት ኪሎ)፦ የብሔራዊ ፓርክ ማኔጅመንት ፕላን ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ምን ቢጽፍ ይጠቅማል? የብዙዎቻችን «ተፈጥሮ ይጠበቅ» ከማለት አያልፍም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመግቢያው በፊት የዞን ካርታውን ክፈት። ጥብቅ ክልሉ፣ የቱሪስቱ፣ ግጦሽ የሚፈቀድበት የት እንደሚያልቅ እይ። ከዚያ ለአንድ ነጥብ አንድ አንቀጽ፦ የገጽ ቁጥር፣ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ ምትኩ። «ይህ ወሰን ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበትን መንገድ ይቆርጣል፤ በስተምሥራቅ ይዙር» ዓይነት። ምስጋናና ወቀሳ ብቻውን ማንም አይመዘግበውም።

መልስ፦ ለረቂቁ መነሻ የሆነው የመስክ ዳሰሳ በየትኛው ወር እንደተሠራ መጠየቅ አይረሳ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ላይ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን አጥብቀው የሚያስገቡት ድርቅ ሲጠና ነው። ክረምት ላይ የቆጠረ ባለሙያ ሜዳውን ባዶ ያገኘዋል፣ ካርታውም ባዶ ይለዋል፤ ጠቡ በበጋ ይመጣል። ደግሞ ስብሰባውን ስታዲየም አካባቢ ሆቴል አድርጎ «ሕዝብ አወያየን» ማለት ቀልድ ነው፣ እረኛው የት አለ?

መልስ፦ ሰው የሚነሳ ከሆነ የካሳውን ስሌት ጠይቁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች በሚመዘገቡበት የዩኔስኮ መዝገብ ገብቶ በ2017 ሲወጣ፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረው ነበር። ቤቱ ብቻ ነው የሚገመተው ወይስ ግጦሹም? ረቂቁ ላይ በቁጥር ካልሰፈረ በኋላ የሚጠየቅበት ወረቀት የለም።