ስለት ያለባት ሕፃን ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ትሂድ ወይስ ትቆይ?

አዲስ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ለሁለት ስለተከፈለ ጉዳዩን ይዤላችሁ መጣሁ። ነፍሰ ጡር እያለሁ አማቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው ነበር፤ "በሰላም ትገላገል እንጂ ልጁን ታቅፌ ደጅህ እመጣለሁ" ብለው። ልጄ በሰማንያ ቀኗ እዚሁ ሰፈር ክርስትና ተነሥታለች። ለታኅሣሥ 19 ንግሥ አራት ወር ይሆናታል። አማቴ ዘንድሮ ካልወሰድናት ስለቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል ባይ ናቸው። ባለቤቴ ከዘመድ ጋር ሚኒባስ ተከራይተን እንሂድ ይላል። እኔ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሄዶ፣ በዚያ ግፊያ ውስጥ ገብቶ፣ ያንኑ መንገድ መመለስ ለጡት ልጅ አይሆንም እላለሁ። የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። በየዓመቱ ጨቅላ ታቅፎ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ "ተዉ" ያለ ሰው ግን እምነት እንደጎደለው ይቆጠራል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

እትዬ ከኮልፌ፦
ልጄ፣ አማትሽን አትቃወሚ። እኛ ልጆቻችንን በአንቀልባ አዝለን፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄደናል። ያኔ ይህ አስፋልት የት ነበር! አቧራውን በነጠላ እየከለልን፣ ጡት እያጎረስን ደርሰን ተመለስን። ልጆቹም አድገው ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። የሰጠ መልአክ መንገድ ላይ አይነሳም።

የሁለት ልጆች አባት፦
እትዬ፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎ። ታሪኩን የሚያወራው በደህና የተመለሰው ሰው ነው። ልጇን መንገድ ላይ ያጣች እናት እዚህ መጥታ "እኛ እኮ ሄደናል" ብላ አትጽፍም። እናንተ ደህና በመግባታችሁ እግዚአብሔር ይመስገን፤ መንገዱ ለጨቅላ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም።

እትዬ ከኮልፌ፦
አነጋገርህ ጥሩ ነው ልጄ። ግን የሚታመም ልጅ ቤቱ ተቀምጦም ይታመማል።

የመስመሩ ሾፌር፦
በዚህ መስመር የምሠራ ሰው ነኝ። ሂዱ ብል ለገበያዬ ነው ትላላችሁ፣ ስለዚህ ሂዱም አትሂዱም አልልም፤ መንገዱን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በክፍያው ፈጣን መንገድ ችግር የለም። ከአዳማ ወዲያ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ ግን መንገዱን ከጅቡቲ ተሳቢዎች ጋር ነው የምትጋሩት። አደጋው ያለው እዚያ ነው፤ ለንግሥ የቸኮለ ሾፌር አንዱን ተሳቢ ልቅደም ብሎ ሲወጣ ከፊቱ ሌላ ተሳቢ ይመጣበታል። አዋሽ ላይ የጅቡቲው መንገድ ይገነጠላል፣ እናንተ በሚኤሶ ትቀጥላላችሁ። ጭሮ፣ የድሮው አሰበ ተፈሪ፣ ስትደርሱ ዳገቱ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሂርና፣ ጨለንቆ እያለ መጠምዘዝ ብቻ ነው።

አሁን የሙቀቱን ነገር አስቡት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መተሐራና አዋሽ 1,000 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ቁልቢ ደግሞ እንደገና ደጋ ነው። በአንድ ቀን ከደጋ ቆላ፣ ከቆላ ደጋ። ለአዋቂ ጃኬት ማውለቅና መልበስ ነው። ሕፃንን ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያስገቧትና መተሐራ ላይ ፀሐዩ ሲከር የሚፈታት ሰው ይረሳል። የልጅ ፊት ቀልቶ በመስታወት አይቼ መኪና ያቆምኩበት ጊዜ አለ፤ እናትየዋ "ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት" ስትል ነበር።

በዋዜማው ደግሞ ቁልቢ ሊደረስ ሲል መኪና በመኪና ላይ ነው፤ ሰዓታት ቆማችሁ ልትውሉ ትችላላችሁ። ልጅ የያዘ መኪና ቢያንስ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሞ ቢገባ ይሻላል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ሰሞን ከተመላለሰ ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ።

መስኮት ዳር፦
ሾፌሩ ልክ ብሏል፣ ግን መስኮቱን ማን ያስከፍት? ጣት የማታስገባ ክፍተት ገርበብ ስታደርጉ ከኋላ "ዝጉት፣ ሕፃኗን ብርድ ይመታታል!" የሚል ይነሣል። አዋሽ ላይ ብርድ! አሥራ አራት ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ለሕፃን ታዝኖ ነው አሉ። በእኔ እምነት ይህ አገር ስለ ካር ሲት፣ ማለት ስለ ሕፃናት የመኪና መቀመጫ፣ ከመከራከሩ በፊት ስለ መስኮት መስማማት አለበት።

ነርሷ፦
ሕፃናት የሚታዩበት ክፍል እሠራለሁ። መስኮት ዳር ያልከው ቀልድ አይደለም። ጨቅላ እንደ እኛ በላብ ራሱን አያቀዘቅዝም፤ የታቀፈው ሰው ሙቀት፣ ጋቢው፣ የተዘጋው መስኮት ተደምረው ትኩሳት ያለበት እስኪመስል ያግሉታል። ፊቱ ላይ ነጠላ ጣል ማድረግም አየር ይዘጋል፤ ፀሐይ ከመጣ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ስቀሉት።

ውሃ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። "ጠማት" ተብሎ ከመንገድ በተገዛ ውሃ ጡጦ መሙላት ተቅማጥ መጋበዝ ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማለት በቆላም ጡት ብቻ ማለት ነው፤ የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃል። ውሃውን መጠጣት ያለባት እናትየዋ ናት። ሴቶች መንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም ብለን ሳንጠጣ እንውላለን፤ የምታጠባ ሴት እንዲህ ማድረግ የለባትም፣ ሾፌሩም "አሁን ቆመን አልነበር?" እያለ አያሳፍራት። ዳይፐሩ ስድስት ሰዓት ያህል ደረቅ ከቆየ፣ አፏ ከደረቀ ወይም አልነቃ ካለች መንገድ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ግቡ፤ ቁልቢ እስክንደርስ አትበሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ግን እስካሁን ማንም አላነሣውም፤ ኩፍኝ። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው። የአራት ወር ሕፃን ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ እየሳሳ ነው፣ የራሷ ገና አልመጣም። ኩፍኝ በአየር ይተላለፋል፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ለእሱ ይመቸዋል። ወባም አለ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ቆላው ላይ የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ክትባቷን እስክትወስድ ትቆይ።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦
እዚህ ሕፃን ያለ ካር ሲት መኪና ውስጥ ማስገባት ሕጉ አይፈቅድም። ስወልድ ሆስፒታሉ ካር ሲቱን ሳያይ አለቀቀኝም። ለስለት አገር ቤት ስንመጣ ይዘነው መጣን፤ ቤተሰቡ ሳቀብን። ልጁ መንገድ ላይ ሲያለቅስ "አውጪው እንጂ! ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?" የሚለው ከ450 ኪሎ ሜትሩ በላይ አደከመኝ። ግን አላወጣሁትም፤ ሲያለቅስ መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል፣ ጠብቶ ተረጋግቶ ይመለሳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ የተጋጨ መኪና ውስጥ ያለ ሰው የሚገጥመው ኃይል ከሦስተኛ ፎቅ ከመውደቅ አይተናነስም። እንዲህ እየወደቀ ልጅ በእጁ የሚያስቀር ጉልበት ያለው ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መቀመጫ የጨቅላዎችን የመኪና አደጋ ሞት 70 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል። ወንበሩ ከኋላ ይታሰራል፣ የልጁ ፊት ወደ መኪናው ኋላ ይዞራል፤ ኤርባግ ያለበት ጋቢና ላይ በፍጹም አይታሰርም።

ቅጥቅጥ ተሳፋሪ፦
እሺ እህቴ። ካር ሲቱን የምናስርበት ቀበቶ ያለው ሚኒባስ መጀመሪያ አሳዪን። ለሁለት ሰው ወንበር ሦስት ሰው በሚጫንበት መኪና ለአራት ወር ሕፃን ሙሉ ወንበር ግዙ ነው የምትዪን? ስለት እኮ የድሃ ነው። ባለገንዘቡ ልጅ ሲያጣ ውጭ አገር ሄዶ ይታከማል፤ እኛ ነን ገብርኤል ደጅ የምንወድቀው። "ካር ሲት ከሌለህ አትሂድ" ከተባለ ቁልቢ የባለ መኪና ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦
ወንድሜ፣ አትሂድ አላልኩም። ማሰሪያ ከሌለ ሕፃኑን አትውሰደው ነው ያልኩት።

ቅጥቅጥ ተሳፋሪ፦
ስለቱ እኮ ሕፃኑ ነው!

የመስመሩ ሾፌር፦
ቀበቶውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ብዙ መኪና ላይ የኋላው ቀበቶ ተቆርጧል ወይም ወንበሩ ሥር ተቀብሯል። ትራፊክ የሚያስቆመኝ ለራሴ ቀበቶ ነው፤ ኋላ ስለተቀመጠ ሕፃን የጠየቀኝ የለም። ተከራዩ ግን ካልጠየቀ ባለንብረቱ አያስጠግንም። ቤተሰብ መኪና ሲከራይ ስለ ዋጋና ስለ ቴፕ ነው የሚከራከረው።

ዲያቆኑ፦
"ስለቱ ሕፃኑ ነው" የሚለው ላይ ስለደረስን ልግባበት። ስለት አታዘግይ ተብሎ በዘዳግም 23 ተጽፏል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሐናን እዩ። አልቅሳ ተስላ ሳሙኤልን አገኘች። ባሏ ሕልቃና ለዓመቱ መሥዋዕት ቤተሰቡን ይዞ ሲወጣ እሷ አልወጣችም፤ ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ እቤቴ እቆያለሁ አለች። ባሏም ደስ ያለሽን አድርጊ አላት። ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ሴሎ ይዛው ወጣች። ስለቷን አፈረሰች ያላት የለም።

ደግሞ በዓሉ በዓመት ሁለቴ ነው። ታኅሣሥ 19 ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበት ነው፤ ሐምሌ 19 ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ከፈላው ውሃ የዳነበት ነው። ለሐምሌ ልጅቷ አሥራ አንድ ወር ይሆናታል፣ ነርሷ ያለችውን ክትባትም ትወስዳለች። የተሳሉት አማትየዋ ናቸው፤ ዘንድሮ እሳቸው ጧፉንና ዣንጥላውን ይዘው ይሂዱ፣ ልጅቷ በሐምሌ ትከተል። ልባቸው ካላረፈ ንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

እትዬ ከኮልፌ፦
ዲያቆን፣ ሐና እኮ ልጇን ቤተ መቅደስ ትታው ነው የተመለሰችው። ይቺም ልጇን ቁልቢ ትታ ትመጣለች?

ዲያቆኑ፦
ኧረ እትዬ! እዚያ ድረስስ አልሄድኩም።

የመንታ እናት፦
ሐምሌ፣ ሐምሌ የምትሉ ሰዎች የአሥራ አንድ ወር ልጅ ይዛችሁ መኪና ውስጥ ውላችሁ ታውቃላችሁ? የአራት ወር ልጅ ጡት ጎርሳ ትተኛለች። የአሥራ አንድ ወሯ ልዳህ ትላለች፣ ልቁም ትላለች፣ ያገኘችውን ከወለል ለቅማ ትጎርሳለች፣ ገንፎዋ በፔርሙዝ አብሮ መጓዝ አለበት። በዚያ ላይ ክረምት ነው፤ ጭቃው፣ ጭጋጉ። ነርሷ ስለ ኩፍኝ ያለችው ገብቶኛል፣ አልከራከርም። ሐምሌ ቀላል ነው ብላችሁ ግን ሰው አታታልሉ።

ድሬ ልጅ፦
ሁላችሁም ባቡሩን ረሳችሁት። ከፉሪ ለቡ ተሳፍራችሁ ድሬዳዋ ትወርዳላችሁ፤ ተሳቢ የለ፣ መቅደም የለ፣ ልጁን ታቅፎ መነሣትና መንጎራደድ ይቻላል። ከድሬ ወደ ቁልቢ በደንገጎ ጠመዝማዛ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ትመለሳላችሁ። ለበዓል ሰሞን ቲኬት ቀደም ብሎ መያዝ ነው፤ ባቡሩ የሚነሣበትንም ቀን አጣሩ። ገንዘብ ያለው በአውሮፕላን ድሬ ይምጣ፤ ሕፃን በእቅፍ ስለሚሄድ የእሱ ሒሳብ ትንሽ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ ጡት አጉርሷት፣ ጆሮዋን እንዳያማት።

ቅጥቅጥ ተሳፋሪ፦
ባቡሩ ጥሩ ሐሳብ ነው። ኩፍኙ ግን በባቡርም ብትሄድ ቁልቢ ላይ ይጠብቃታል፣ አይደል ነርሷ?

ነርሷ፦
አዎ። ባቡሩ የመንገዱን ነው የሚያቀለው፣ የግፊያውን አይደለም። ንግሡን ትታችሁ በሌላ ወር 19 ብትሄዱ ሰዉ ያንሳል።

አዲስ እናት፦
ሁሉንም ለአማቴ አነበብኩላቸው። የነርሷን ሳያቋርጡ ሰሙ። መስኮት ዳር የጻፈው ላይ "ብርድ እንደሁ ብርድ ነው" አሉ። የዲያቆኑን ሁለቴ አስነበቡኝ፤ ከዚያ "ለሐምሌ እኔ እኖራለሁ ወይ?" አሉ። ይህን ምን ብዬ ልመልስላቸው? ባለቤቴም ከዚያ በኋላ ሚኒባሱን ይዘን እንሂድ በሚለው ጠነከረ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ይህማ ከባድ ነው። ግን የእሳቸው ዕድሜ የልጅቷን አደጋ አይቀንሰውም። ታኅሣሥ ላይ እሳቸውን ባለቤትሽ ይውሰዳቸው፣ አንቺና ልጅቷ ቅሩ። ሐምሌ ላይ ከኖሩ፣ ይኖራሉም፣ ራሳቸው ታቅፈዋት ይገባሉ።

እትዬ ከኮልፌ፦
የሰው እናት ባዶ እጇን ደጁ ላይ አቁሞ "ልጁስ?" ሲሏት ምን ትበል? እኔ በአማትየዋ በኩል ነኝ። ግን አዳማ ላይ ጋቢውን ፍቱላት።

የመስመሩ ሾፌር፦
ለየትኛውም ወር ይሁን መኪናውን ከመያዛችሁ በፊት በቀን ብርሃን አስመጥታችሁ የኋላውን ቀበቶ ራሳችሁ ሳቡት። የሚይዝ ከሆነ ካር ሲት ተውሳችሁም ቢሆን እሰሩበት። በየሁለት ሰዓቱ እንደምትቆሙም ዋጋ ስትነጋገሩ አብራችሁ ተናገሩ፤ መንገድ ላይ የተጠየቀ ሾፌር ሰዓቱን እያየ ነው የሚያቆመው።