ጥቆማ፦ ለአውቶክሮስ የትኛው ባለ 200 ጎማ ይሻለኛል?

ሁለተኛ ማርሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቀላል ናት፣ ጉልበቷ በኋላ ጎማ ነው። እሁድ አውቶክሮስ ላይ፣ ማለትም በኮኖች መሀል በሰዓት በሚለካ ውድድር እነዳታለሁ፣ ሰኞ ሥራ እሄድባታለሁ። የምወዳደረው በኤስሲሲኤ (በአሜሪካው የስፖርት መኪና ክለብ) ስትሪት ምድብ ስለሆነ የጎማው ትሬድዌር፣ ማለትም ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ200 ማነስ የለበትም። ዮኮሃማ ኤ052፣ ብሪጅስቶን አርኢ-71አርኤስ ወይስ ሃንኩክ አርኤስ4? በውድድር ቀን ከወንድሜ ጋር እየተፈራረቅን ነው የምንነዳት።

ጋሽ ፍሬን፦
እህቴ፣ በእኛ ጊዜ ይሄ ጥያቄ አልነበረም። ያኔ በነበረው ስቶክ በሚባል ምድብ ማሸነፍ የፈለገ እንደ ሁዠር ኤ6 ያለ እውነተኛ የውድድር ጎማ ይገዛል። በሌላ ቸርኬ አስገጥሞ ይመጣል፣ ሜዳው ላይ ይቀይራል። በፈረንጆች 2014 ላይ ስትሪት ምድብ ስቶክን ሲተካ ያ ቀረ። ግን ፋብሪካዎቹ ዝም አላሉም። የትሬድዌር ቁጥሩን ፈትኖ የሚሰጠው ራሱ ፋብሪካው ነው! መለኪያው ጎማ 100 ተብሎ ይያዛል፤ 200 ማለት የዚያን እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። የአርኢ-71አርኤስ ታላቅ የሆነው አርኢ-71አር ከመጣ ወዲህማ ጎኑ ላይ 200 የተጻፈበት ሁሉ ጠባዩ የውድድር ሆኗል።

ኮን ገጪ፦
ከስሙ በፊት የተመረተበትን ቀን እዩ! አንድ ሱቅ አዲስ ነው ብሎ የሸጠልኝ ጎማ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ነበር። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ብሎ ከሚጀምረው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ነው፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በፈረንጆች ዓመቱ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የኔው እንጨት ሆኖ ነበር። ልመልስ ስል «ጥርሱ አልተነካም» አሉኝ። ጥርሱን ማን ጠየቃቸው?

ጥቁር አስፋልት፦
ወይኔ፣ እኔንም እንደዚሁ ሠርተውኛል! ገንዘብህን መለሱልህ?

ኮን ገጪ፦
አንድ ሳንቲም አልመለሱም። አሁንም ስሙን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ጋሽ ፍሬን፦
ብርዱም አለ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ጎማ ውሃ በሚያረጋ ብርድ ውስጥ ካደረ ሲነካካ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቤት ውስጥ አስቀምጡት።

የሃንኩክ ሰው፦
እኔ ከአርኤስ4 ወዲያ ጎማ አላውቅም። ትራክ ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ብነዳው ንቅንቅ አይልም።

ሰዓት ያዥ፦
የሷ ዙር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያንተ ጎማ እስኪሞቅ እኛ ኮኑን ለቅመን ቤታችን ገብተናል።

የሃንኩክ ሰው፦
ሰዓት ሰዓት አትበሉኝ። የናንተ ጎማ መላጣ ሲሆን የኔው ገና ጥርስ አለው። አልቀይርም!

ሰዓት ያዥ፦
እሺ፣ ለመቆየቱ አልከራከርህም። እህቴ፣ ቁም ነገሩን ልንገርሽ። ኤ052 ቶሎ ይሞቃል፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አስፋልቱን ይነክሳል። ሁለት ሰው ሲፈራረቅበት ግን ከልክ በላይ ይግላል፣ ያኔ መኪናዋ መንሸራተት ትጀምራለች። እሱን ከገዛሽ ውሃ መርጫ ያዙ፤ አንዳችሁ ወርዳችሁ ሌላው እስኪገባ ጎማውን እርጩት። በየቀኑ ከተነዳም ቶሎ ያልቃል። ለሁለት ሰው እኔ አርኢ-71አርኤስን አስቀድማለሁ። የቱንም ግዢ፣ ንፋሱን ከየዙሩ በኋላ ለኪ። ጎማው ትከሻ ላይ፣ ማለትም ጥርሱ አልቆ ጎኑ በሚጀምርበት ጠርዝ፣ ጠመኔ ቀቢበት። ጠመኔው ወደ ጎኑ ወርዶ ከጠፋ ጎማው እየታጠፈ ነውና ንፋስ ጨምሪ። ትከሻው ጋ ካልደረሰ ትንሽ ቀንሺ።

ጥቁር አስፋልት፦
የቸርኬሽስ ስፋት?

ሁለተኛ ማርሽ፦
7 ኢንች። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የጠመኔውን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁ። የአሁኑን ጎማዬን ኮድ አይቼ ደነገጥኩ፣ እኔ ካሰብኩት በላይ አርጅቷል።

ኮን ገጪ፦
ብዬ ነበር! ለመሆኑ ቸርኬ ሳይጭር የሚገጥም ጎሚስታ የምታውቁ አላችሁ?