«ከፍለን ልናለቅስ ነው እንዴ የገባነው?» የእሑዱ ፊልም ያስነሳው ክርክር

ፍላሽ ያዥ፦ ሰላም የሐዋሳ ፊልም ወዳጆች። ስለ እሑዱ ፊልም በውስጥ የሚጻፍልኝ ወቀሳ ስለበዛ እዚሁ ሁላችንም ባለንበት እንነጋገር። ላልመጣችሁ በአጭሩ፦ ፊልሙ «ችልድረን ኦፍ ሜን» ይባላል፣ «የሰው ልጆች» ማለት ነው፤ ሜክሲኮአዊው አልፎንሶ ኩዋሮን በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ታሪኩ እንግሊዝ አገር በ2027 ኅዳር ይሆናል፤ በእኛ ኅዳር 2020 መሆኑ ነው፣ ደጃችን ደርሷል። በዓለም ላይ ልጅ ከተወለደ 18 ዓመት ሆኖታል። ሁሉም አገር ፈርሶ እንግሊዝ ብቻ ቆማለች፤ ስደተኛ እየታደነ በየመንገዱ በብረት አጥር ይታጎራል። በዚህ መሃል ኪ የምትባል አፍሪካዊት ስደተኛ አርግዛ ትገኛለች። ቲዮ የሚባል ተስፋ የቆረጠ፣ መጠጥ የሚያበዛ የመንግሥት ሠራተኛ ከአገር ሊያስወጣት ይነሳል። ከገባነው 40 ሰዎች 13ቱ ሳያልቅ ወጥተዋል። ሁለቱ 50 ብራችንን መልስ ብለውኛል። ጥያቄው ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ ጨለማ ፊልም ማሳየት እንቀጥል ወይስ ይቅር? ስድብ ክልክል ነው።

ኮረሶ፦ ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ሳምንቱን ሙሉ የቤት ኪራይ፣ የዘይት ዋጋ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሳሳድድ ከርሜ፣ እሑድ ማታ ትንሽ ልሳቅ ብዬ ብመጣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው ሰው ሲሞት አሳየኸኝ። ዋናዋ እሷ ናት ብዬ የያዝኳት ሴትዮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መኪና ውስጥ ተገደለች። ከፍለን ልናለቅስ ነው እንዴ የገባነው? ለቅሶ ቤትማ በነፃ ነው፤ ንፍሮም አለው።

የድሮ ቪዲዮ ቤት፦ ልጄ ኮረሶ፣ ማልቀሱስ ባልከፋ። መናኸሪያ አካባቢ ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ጊዜ በህንድ ፊልም ያላለቀሰ ደንበኛ አልነበረኝም፤ መሐረብ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ግን መጨረሻ ላይ ክፉው ሰውዬ ይደበደባል፣ እናትና ልጅ ይገናኛሉ፣ ሰው አንጀቱ ርሶ ይወጣል። ይሄ ፊልም ግን ክፉው ማን እንደሆነ እንኳ አላሳየንም። ማንን እንጥላ? በዚያ ላይ የአማርኛ ትርጉም የለውም። አጠገቤ ተቀምጦ የሚተረጉምልኝ ልጅ እሱ ራሱ ሲያለቅስ ትርጉሙ ተቋረጠብኝ።

ካሜራው፦ ጋሼ 😂 ያ ልጅ እኔ ነበርኩ፣ ይቅርታ።
ወደ ቁምነገሩ ስመጣ እኔ እንጀራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ አዳራሽ እስክትገባ ሳላቋርጥ ልቅረጽ ስል ወይ አንድ አጎት ፊቴ ይቆማል ወይ ገመድ እግሬን ይጠልፈዋል። አንድ ደቂቃ ሞልቶልኝ አያውቅም። እነዚህ ሰዎች መጨረሻ አካባቢ ያለውን ውጊያ ከስድስት ደቂቃ በላይ በአንድ ትንፋሽ ነው ያሳዩት። ደም ሌንሱ ላይ ሲረጭ እንኳ አልቆሙም። እውነቱን ለመናገር በኮምፒውተር የተሰፋ ቦታ አለው፤ ስፌቱን ግን ዓይን አይዘውም። ሰው ጠላው ካላችሁ ያኔም ሲኒማ ቤት አልሞላም፤ 76 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት የገባው 70 ሚሊዮን ገደማ ነው። አሜሪካ ላይ የለቀቁት ደግሞ በፈረንጆች ገና ቀን! በዓል ቀን ይህን የሚያይ ማን አለ? አሥር ዓመት ቆይቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ የፊልም ተቺዎችን ሲጠይቅ ከ2000 ወዲህ ከተሠሩት 13ኛ አደረጉት።

ኮረሶ፦ ተቺዎቹ 50 ብር አልከፈሉማ።

ቲቸር፦ እኔ እስከ መጨረሻው ቆይቻለሁ፤ ግን ከኮረሶ ጋር ነኝ፣ በሌላ ምክንያት። ይህ የእኛ ፍርሃት አይደለም። ፈረንጅ እያረጀ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ መንደሩ ባዶ ይቀራል፣ ስለዚህ ልጅ የጠፋበት ዓለም ያስፈራዋል። ከእኛ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው። እኔ አንድ ክፍል ውስጥ 68 ተማሪ ነው የማስተምረው። ያ ባዶ ትምህርት ቤት ሲታይ፣ ሚዳቋ በኮሪደሩ ስትሮጥ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና «ምን ዓይነት ፀጥታ ነው!» ብዬ ቀናሁ። የእኛ ጨለማ ሌላ ነው፤ ልጁ ሞልቶ ወንበሩ ሲጠፋ። እሱን የሚያሳይ ፊልም አምጡና እንወያይ።

አዋላጇ፦ ቲቸር፣ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ሚርያም የምትባለው አዋላጅ የተናገረችውን ግን ሰምተሻል? መጀመሪያ ጽንስ የሚወርድባቸው እናቶች በዙ፣ ከዚያ ከበፊቱም ቀድሞ እየወረደ መጣ፣ ከዚያ ለአንዲት ሴት ቀጠሮ ስትይዝ ሰባት ወር ወደ ፊት ያለው ገጽ አንድም ስም እንደሌለበት አየች። እኔ 9 ዓመት በአዋላጅነት ሠርቻለሁ። የእኛ መዝገብ ባዶ መስመር የለውም፤ ገጹ ሲሞላ ጠርዙ ላይ ነው የምንጽፈው። ያን ገጽ ስትናገር ግን እጄ ቀዘቀዘ። ፍርሃቱ የፈረንጅ ይሁን፤ መዝገቡ የእኔ ነው።
የወሊዱ ነገር ግን አይነሳ። ሕፃኑ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ምንም አይደል፣ ጎበዞች ናቸው፤ ግን እንዲያ ቶሎ? ለመጀመሪያ ልጅ? እንኳን ደስ አላት።

ቲቸር፦ አንቺ ካነሳሽው አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ የተወሰደው ፒ. ዲ. ጄምስ የምትባል እንግሊዛዊት በ1992 እ.ኤ.አ. ከጻፈችው መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ መካን የሆኑት ወንዶቹ ናቸው። ፊልሙ ወደ ሴቶቹ አዙሮታል፤ ለምን እንደሆነም አይነግረንም።

አዋላጇ፦ ታዲያ ይሄ የእኛ አይደለም ትያለሽ? 😄 ምርመራ ሳይደረግ «ማኅፀኗ ነው» የተባለች ስንት ሴት አውቃለሁ። ባልየውን «አንተም ተመርመር» ስትዪው ኮፍያውን አንስቶ ይወጣል።

ኮረሶ፦ እሺ ይሄን ልቀበል። ግን ሌላ የሚያናድደኝ አለ። ያረገዘችው አፍሪካዊት ናት፣ ዓለምን የሚያተርፈው ልጅ የእሷ ነው፣ ታሪኩ ግን የማን ነው? የሰውዬው! እሷ ከየት እንደመጣች፣ እናቷ ማን እንደሆነች ምንም አናውቅም። እሱ ልጅ እንደሞተበት ታውቃለህ፣ የሚጠጣውን ታውቃለህ፣ ጫማ አጥቶ በነጠላ ጫማ መሮጡን እንኳ ታውቃለህ። እኛ ተስፋ ተሸካሚ፣ እነሱ ባለታሪክ። ጨለማ መሆኑን ትቼ ይሄ ብቻ ያስመልሳል።

ካሜራው፦ አሁን ገና ሰው ተናገረ! ይሄን በመጀመሪያው መልእክትህ ብትል ኖሮ።

የድሮ ቪዲዮ ቤት፦ ይኸው፣ ብሩን መልስልኝ ያለው ሰው ከሁላችንም በላይ አይቶታል።

ካሜራው፦ የእኛ ሰው ባለታሪክ የሆነበት ከፈለጋችሁ ደግሞ አለ። «ክራምስ» የሚባል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በአማርኛ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል። ዓለም ከፈረሰ በኋላ ሰው የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ውድ ቅርስ ይዞ ይዞራል። እሱም ጨለማ ነው፤ ግን ያስቃል። ጨለማ ሁሉ አንድ አይደለም ለማለት ነው።

ዲያቆኑ፦ ዘግይቼ ገባሁ። ስሙን ልብ ያለው አለ? ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ በእኛ ቁጥር 89ኛው፣ በሌላው እትም 90ኛው፣ የሙሴ ጸሎት። «የሰው ልጆች ሆይ ተመለሱ» የሚለው። ስለዚህ ርዕሱ ራሱ ጥሪ ነው። ጨለማውን ብቻ የምታዩ ሰዎች ርዕሱን ሳታነቡ ነው የገባችሁት። በዚያም ላይ ኪ እርግዝናዋን የገለጠችው በረት ውስጥ፣ ከብቶች መሃል ነው። ከዚህ በላይ ምን ይነገራችሁ? እንዲያውም የሙሴን ጸሎት ከመጀመሪያው ብናየው...

ኮረሶ፦ ዲያቆን በናትህ፣ ስብከቱን ለእሑድ ጠዋት አድርገው። 🙏

ፍላሽ ያዥ፦ ኮረሶ፣ ተው። ደግሞ አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ሕፃን አልቅሶ ወታደሮቹ ተኩስ ያቆሙበት ቦታ ላይ ፈንድሻህን ይዘህ እንዴት እንደቆምክ ከፕሮጀክተሩ ኋላ ሆኜ አይቼሃለሁ። እጅህ አየር ላይ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የአንድ ሰው ጥርስ አልተሰማም።

ኮረሶ፦ ... አዎ። ግን ወዲያው ተኩሱ ቀጠለ እኮ! ያ ነው የሚያበሽቀኝ። ደረጃውን ወርደው፣ አንዳንዱ እያማተበ፣ አንዳንዱ ተንበርክኮ፣ በቃ አለቀ ስትል አንድ ፍንዳታ፣ ከዚያ ሁሉም ረሳው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ለምን ያሳዩናል እንዲያ ሊያደርጉት?

አዋላጇ፦ እንዲያ ስለሆነማ ነው የሚያሳዩህ። ሁልጊዜ አየዋለሁ። ልጅ ሲወለድ የተጣላ ቤተሰብ ሁሉ አልጋው ዙሪያ ይታረቃል፤ ገንፎው ተበልቶ ሳያልቅ ያው ክርክር ይጀመራል።

የሆሳዕና ልጅ፦ እኔ አልጽፍም ብዬ ነበር። ከ13ቱ አንዷ ነኝ። ፊልሙን ጠልቼው አይደለም የወጣሁት። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ነው። ስደተኞቹን ጭነው ወደ ካምፑ ሲያስገቧቸው፣ ወታደር ገብቶ ያቺን አዋላጅ ሲያወርዳት፣ ሌላው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እንዳላየ ሲሆን።
ወንድሜ በሞያሌ ወጥቶ ነው ደቡብ አፍሪካ የገባው። አሁን ሱቅ አለው። ይደውላል፣ ይስቃል፣ ለእናቴ ብር ይልካል። መንገዱን ግን አንድ ቀን ነግሮን አያውቅም፤ «ደረስኩ» ብቻ ነው ያለን። በእኛ 2012 መጋቢት ሞዛምቢክ ውስጥ 64 ሰው ኮንቴይነር ውስጥ ታፍኖ ሞቶ ሲገኝ፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው ሲባል፣ እናቴ ሬዲዮኑን ዘጋችው። ወንድሜ እኮ ያኔ ከደረሰ ዓመት አልፎት ነበር። ቢሆንም ዘጋችው። እኔም እሑድ እንደ እሷ ሆኜ ነው የወጣሁት።
ቲቸር «የፈረንጅ ፍርሃት» ስትይ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን የምትዪው ገብቶኛል። ይታይ ወይስ አይታይ የሚለውን እኔ አልፈርድም። ግን ቢያንስ ከመግባታችን በፊት ንገሩን። ማስታወቂያው ላይ «ምርጥ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም» ብቻ ነበር የተጻፈው። እኔ የሕዋ መርከብ ይኖራል ብዬ ነው የመጣሁት።

ቲቸር፦ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ልጁ ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ ስለ ብረት አጥሩ አላሰብኩም።

ፍላሽ ያዥ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካሁን በኋላ ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ በግልጽ እጽፋለሁ፤ ሞት ካለም ሞት አለ እላለሁ። ስለ ድምፁ፦ እስካሁን «ይቀጥል» 14፣ «ይቅር» 11 ነው። ለመጪው እሑድ አንድ የአገራችን ኮሜዲ፣ ለሚቀጥለው «ክራምስ» እንዲሆን አስቤአለሁ። ኮረሶ፣ ብርህን ለኮሜዲው ይዤልሃለሁ።

ኮረሶ፦ እሺ። ካላሳቀኝ ግን ከነወለዱ ነው የምቀበልህ።

የድሮ ቪዲዮ ቤት፦ ተርጓሚ የሚያለቅስ እንዳይሆን።

የሆሳዕና ልጅ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሕፃኑስ ምን ሆነ?

ካሜራው፦ ሴት ናት። በጀልባ ወጡ። ቲዮ ቆስሎ ነበር፣ እዚያው ጀልባዋ ላይ ዘንበል አለ። እሷ ለልጅቱ የሞተውን የእሱን ልጅ ስም ዲላን አወጣችላት። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ መርከብ መጣ። የመርከቡ ስም በእንግሊዝኛ «ነገ» ማለት ነው።

ኮረሶ፦ መጣ አትበል፤ ታየ በል። ሲሳፈሩ አላሳዩንም።

ዲያቆኑ፦ ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ የልጆች ሳቅ ይሰማል እኮ። አልሰማህም?

ኮረሶ፦ ወጥቼ ነበር።

የሆሳዕና ልጅ፦ አውቶቡሱን ዘልዬ ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ማየት ይቻላል?

ፍላሽ ያዥ፦ ይቻላል። ፍላሹን ነገ ከሥራ ስወጣ አመጣልሻለሁ፤ ደቂቃውን በወረቀት ጽፌ።

ኮረሶ፦ ለእኔም ጻፍልኝ። የሳቁን ብቻ።